አባቴ ደጅ የተቀመጠበት ክረምት

ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድን የሚያውቀው በወሬ ነው። እኔም እስከ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ድረስ የማውቀው በወሬ ነበር። «አዲስ አበባ ይበርዳል» ሲሉኝ፣ ሰው የሸሚዙን የላይኛዋን ቁልፍ የሚቆልፍበት አገር ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ መሥሪያ ቤቴ ወደ ዋናው መዝገብ ቤት ሲያዛውረኝ ለጥንቃቄ ብዬ አንድ ሹራብ ገዛሁ። እጀ ጉርድ። ሻጩ ራሱ «ለምንህ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ዝውውር ሲመጣ እሺ ይባላል እንጂ የወሩ አየር እንዴት ነው ተብሎ አይጠየቅም። የእኔ በሰኔ መጣ። ልብ ያለው ሰው በሰኔ ከድሬዳዋ ተነስቶ ጉለሌ አይገባም። እኔ ገባሁ። ይባስ ብዬ አባቴን ይዤ ገባሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነበር። እናቴ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ሞተችብን፤ እሱም ብቻውን ቀረ። ብቻውን ስል ቤት ውስጥ ማለቴ ነው፤ ደጅ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ድሬዳዋ ላይ ቤት የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ሰው የሚኖረው ደጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አባቴ ሽርጡን ያሸርጥና ወንበሩን ከኒም ዛፉ ሥር ያወጣል። ብዙም አይቆይ፣ አንዱ ሻይ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ዶሚኖ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ደግሞ ባዶ እጁን መጥቶ ከሁሉም በላይ ያወራል። እናቴ ስትሞት ለቅሶውን የተቀመጠው እዚያችው ወንበር ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዘነበች «እኔ ጋ ይሁን፤ በዚህ ዕድሜው ከለመደው አየር አታውጣው» ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን «አባቱን ጥሎ ሄደ» እንዳልባል ፈራሁ። መቼም ከጀመርኩ አይቀር እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ያሳሰበኝ የአባቴ ኑሮ አልነበረም፤ የእኔ ስም ነበር።

ቀበሌው የመራን ቤት ከቀጨኔ ወደ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ግርጌ በሚወጣ ቀጭን መንገድ ዳር ነው። አንዲት ክፍል ከነጓዳዋ። በሯ በቀጥታ መንገዱ ላይ ይከፈታል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስነሳ ብርድ ልብሴ ረጥቦ አገኘሁት። ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ወንበር ላይ ወጥቼ ቀዳዳ ስፈልግ ረፈደብኝ። ቀዳዳ የለም። ጉለሌ በክረምት ጨርቅ ሁሉ እንደዚያ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ካልሲ እንኳ ከገመድ ላይ የሚወርደው ደርቆ ሳይሆን ተስፋ ቆርጦ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሱሪ ደርቤ ሥራ ገባሁ። ብልጠት መስሎኝ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ የላይኛውን ቁልፍ ፈትቼ የታችኛውን በደነዘዘ ጣት ስዳብስ የውይይት ክበቡ ስብሰባ ተጀመረ፤ እኔ ስደርስ ደግሞ አለቀ። በዚያ ዘመን ከስብሰባ መቅረት ቀላል ነገር አልነበረም። ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ። «ሁለት ሱሪ ነው» ማለት ስላልቻልኩ «የንቃት ማነስ ነው» አልኩ። ጸሐፊው እንደወረደ መዘገበው። እስከ ዛሬ ፋይሌ ውስጥ ንቃት የጎደለኝ ሰው ነኝ።

ቤትም ቢሆን ያው ነው። ከሰል አቀጣጥለን ብናስገባ «በሩን ካልከፈታችሁ ጭሱ ይገድላችኋል» አሉን። በሩን ስንከፍተው ሙቀቱ ተያይዞ ወጣ። ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ስናሞቅ የነበረው መንገዱን ነው።

አባቴ በመጀመሪያ ነገሩን በጨዋታ ነበር የያዘው። አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ድሬዳዋ በረዶ በጆንያ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ከሰማይ ሲወርድ አባቴ አይቶ አያውቅም።

«አቦ፣ አንተ! ና እይ! በነፃ እኮ ነው የሚበትኑት!» ብሎ ኩባያ ይዞ ወጣ።

ሲመለስ ኩባያው ሞልቷል፤ ግንባሩም አብጧል። ውኃ ጨመረበትና የድሬዳዋ ቀትር ላይ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣው። ሦስት ቀን ሳለ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ እሱም እየሳለ ሳቀ። ጉለሌ ከገባን ወዲህ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐምሌ እንደገባ አባቴ ወንበሩን ወደ ደጅ ማውጣት ጀመረ። ከሥራ ስመለስ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተቀምጦ፣ ዝናቡ ጉልበቱ ላይ እየተረጨበት አገኘሁት።

«ምን ትሠራለህ አባዬ?»

«እቀመጣለሁ።»

«ይበርዳል እኮ!»

«ቤት ውስጥስ አይበርድም? እዚህ እየበረደኝም ቢሆን ሰው አያለሁ።»

አጠገቡ ሌላ ወንበር አውጥቷል፤ መጥቶ ለሚቀመጥ ሰው። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «አረፍ በል አቦ! አረፍ በይ!» ይላል። እኛ አገር ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ማለት ነውር አይደለም፤ ጉለሌዎች ግን ክው ይላሉ። ደግሞስ በሐምሌ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ጃንጥላው የተገለበጠበት ሰው የት ላይ ነው አረፍ የሚለው? ሁሉም አንገቱን ቀብሮ ይሮጣል። ያቺ ትርፍ ወንበር ውኃ ትጠጣለች፤ ሲመሽ አባቴ ራሱ በጨርቅ ይጠርጋትና ያስገባታል።

እንዲገባ ለመንኩት፤ ተቆጣሁ፤ አኮረፍኩ። እምቢ አለ። እንግዲያው ካልገባ ይሞቀው ብዬ ከሰልባጅ ተራ ካፖርት ገዛሁለት። ካፖርት ስላችሁ ተራ ካፖርት አይደለም። አረንጓዴ ነው፤ የነሐስ ቁልፍ አለው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ከየትኛው አገር ጦር ሠራዊት እንደተረፈ እግዜር ነው የሚያውቀው። አባቴ የድሮ የባቡር ባርኔጣውን ጨመረበት። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ጦርነት የጠፋበት ጄኔራል መሰለ።

ከዚያማ ነገሩ ተለወጠ። ሰው ሰላምታ መስጠት ጀመረ! ያውም ከወገቡ ጎንበስ እያለ። አንዳንዱ ባርኔጣውን ያነሳል፤ አንዳንዱ ከሩቅ ያየውና በሌላ መንገድ ይዞራል። የቀበሌው ሱቅ ስሄድ ሰልፈኛው ወደ ጎን ይልልኛል። አንዲት ሽማግሌ ጭምር «እርስዎ ይቅደሙ ልጄ» አሉኝ። እኔም «የአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ያከብራል» እያልኩ ስኳሬን ተቀብዬ እወጣለሁ። ቂል ሰው ሲከበር ምክንያቱን አይጠይቅም።

ምክንያቱን የነገረኝ ባለሱቁ ሁሴን ነው። ሁሴን ከባቲ የመጣ የቆላ ሰው ነው፤ ሱቋ ከእኛ ቤት ሦስት በር አልፋ ናት። አንድ ቀን ሳሙና ልገዛ ብገባ ግራ ቀኙን አይቶ ባንኮኒው ላይ ደገፍ አለና፣

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? ካልፈለግህ አትመልስ» አለኝ።

«ጠይቀኝ።»

«አባትህ... እ... ማለቴ፣ ከየትኛው ክፍል ናቸው?»

«ከባቡር። ጡረታ ወጥቷል።»

«እኔም ለሰው የምለው እንደዚያ ነው» አለና ጠቀሰኝ።

አልገባኝም። ሲያየኝ በእርግጥ አልገባኝም። ያን ጊዜ ደንገጥ ብሎ ዘረገፈው። ዝናብ እየወረደበት፣ በመንግሥት ካፖርት፣ የሚገባ የሚወጣውን እያየ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ ሰው ያለ ደሞዝ አይቀመጥም ይላሉ። ከላይ ነው የተላከው ይላሉ። ትርፏ ወንበር ደግሞ ለምርመራ ናት የሚልም አለ።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? እዚያው ቆሜ «ኧረ የሰው ያለህ! አባቴ እኮ ሰው ናፍቆት ነው!» ማለት ነበረብኝ። ሳቅሁ እንጂ አላልኩም። ለአባቴም አልነገርኩትም፤ ልቡ እንዳይሰበር ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። በሳምንቱ የቀበሌው ሱቅ ስሄድ ሰልፈኛው እንደለመደው ወደ ጎን አለ። አሁን አውቃለሁ። እያወቅሁ ቀደምኩ።

አባቴ ግን ማታ እራት ላይ «የዚህ አገር ሰው ሰላምታ ያውቅበታል፤ መቀመጥ ነው የማይችልበት» ይለኛል።

ከፊት ለፊታችን፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ይኖራሉ። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተሉ ነው የሚያድሩት። ደምሴ የሚባል ሸማኔ ልጅ አላቸው፤ አርሲ ዘመድ ጋ ሄዷል ይላሉ። ጊዜው ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈለግበት ነበርና ዘመድ ጋ ያልሄደ ወጣት አልነበረም። እኚህ ሴት አባቴን ሲያልፉ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ይስቡታል። በራቸውን ሲከፍቱ አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ስንጥቅ ነው፤ ወዲያው ይዘጉታል። አባቴ ተቀምጦ ሳለ መስኮታቸው ተከፍቶ አላየሁም።

በነሐሴ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ጉድ እየወረደ የቀበሌ ታጣቂዎች መንገዱን ከላይም ከታችም ዘጉት። ቤት ለቤት ፍተሻ ነው። እኔ በራችን ላይ ቆሜያለሁ፤ አባቴ ወንበሩ ላይ ነው። የመጡት በጓድ ወልዴ መሪነት ነው። ጓድ ወልዴ የቀበሌው የጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ሲናገር ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ብርቄ በር ላይ ሲደርስ ቆመና ወደ አባቴ ተሻገረ። እጁን ወደ ግንባሩ ሊያነሳ ዳዳው።

«ጤና ይስጥልኝ ጓድ!»

«ጤና ይስጥልኝ አቦ። አረፍ በል።»

«ሥራ ላይ ነን። እዚህ ቤት አንድ ጎረምሳ ተደብቋል የሚል ጥቆማ ደርሶናል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

አባቴ ቤቱን አየው። አልቸኮለም።

«እኔ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ነኝ። አይተኸኛል?»

«አይቻለሁ።»

«ከዚያ ቤት ከሴትዮዋ በቀር የሚገባም የሚወጣም የለም። አላምንህም ካልክ ግባና ፈትሽ።»

ጓድ ወልዴ ካፖርቱን አየ፤ የነሐሱን ቁልፍ አየ፤ ባርኔጣውን አየ። እንደዚህ ደፍሮ አንተ የሚለው ሰው ከየት የተላከ እንደሆነ ሲያሰላ ፊቱ ላይ ይታያል።

«ኧረ እርስዎ ካሉ በቃ» አለና ታጣቂዎቹን ወደሚቀጥለው ቤት ነዳቸው።

አባቴ ተነሳ። ይገባል ብዬ ወንበሩን ላነሳለት ስል መንገዱን ተሻግሮ እትዬ ብርቄ በር ላይ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ። እዚያ ጣሪያ የለም። «አባዬ ግባ!» ስለው «ቆይ!» አለኝ። ታጣቂዎቹ መንገዱን ጨርሰው እስኪሄዱ ድረስ ቆመ። ሁለት ሰዓት ያህል ይሆናል። ሲገባ ካፖርቱ ውኃ ጠጥቶ አንድ በግ ያህል ይከብድ ነበር፤ ለማውለቅ ሁለታችንም ታገልን። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ከሰሉ ላይ ተደፋ።

«እውነት እዚያ ቤት ማንም የለም?» አልኩት።

«አለ እንጂ።»

«በምን አወቅህ?»

«ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፤ ዳቦ የምትገዛው ግን ለሁለት ነው። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ የሸማ መሥሪያው ይሰማል። እንዳይሰማ ብሎ ዝናብ ጠብቆ ነው የሚሠራው። ቅርብ ስለተቀመጥኩ እኔ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን እሷ ራሷ ሱቅ ሄዳ ሳለ ሲሠራ ሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ መዝገብ ቤት ነህ። ትጽፈዋለህ» አለና ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው።

ቀልድ ይሁን እውነት አላወቅሁም። ጀርባውን አሸሁት። ከዚያ እንደ ምንም ደፍሬ «ሰው ስለዚህ ካፖርት ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አልኩት።

«አውቃለሁ። የሁሴን ሹክሹክታ እዚህ ድረስ ይሰማል። አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

በማግስቱ ትኩሳት ያዘው። ጤና ጣቢያ ስወስደው ሳንባ ምች ነው ብለው መርፌ ጀመሩለት። ድሬሰሩ «ከብርድ ያርቋቸው» አለኝ። ጉለሌ በነሐሴ ብርድ የሌለበትን ቦታ ቢነግረኝ ተሸክሜው እሄድ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ብርቄ ናቸው። በነጠላቸው ሥር ትኩስ አጥሚት ይዘዋል። ገብተው አባቴ አልጋ ሥር ተንበርክከው እግሩን ሊስሙ ሲሉ አባቴ እግሩን ሰበሰበ።

«ምን ልበልዎት አባቴ? ምን ልበልዎት? ምን ስል ነበር የኖርኩት መሰለዎት? ጠዋት በተነሳሁ ቁጥር እኮ ስረግምዎት ነው የምውለው!» አሉ እያለቀሱ።

«ተይው አቦ። አረፍ በይ» አላቸው።

ተቀመጡ። አባቴ ጉለሌ ከገባ አረፍ በይ ያለው ሰው ሲቀመጥለት ይኸ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጡ። አጥሚቱን በማንኪያ እያጎረሱት ስለ ድሬዳዋ ይጠይቁታል። እሱም «ደጅ ነው የምንተኛው» ሲላቸው «ይሁና! ጅቡስ?» ይላሉ።

አንድ ቀን እሳቸው እንደወጡ አባቴ «መልሰኝ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ዘነበች። እዚህ አጥንቴ ውስጥ ውኃ ገብቷል። ፀሐይ ላይ ልቀመጥ።»

«መስከረም ይጥባ። ያን ጊዜ አብረን እንሄዳለን።»

«እስከ መስከረም ሩቅ ነው።»

«የይለፍ ወረቀት አይሰጡም እኮ አባዬ» አልኩት።

ዋሸሁት። በዚያን ጊዜ ከአገር አገር ለመሄድ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ እሱ እውነት ነው። እኔ ግን ሄጄ አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅህም ብትሉኝ፣ ዘነበች በር ላይ ቆማ «ብዬህ አልነበረም?» ስትለኝ ስለታየኝ ነው። በቃ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት ፈልጌለታለሁ።

መርፌው አልያዘለትም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ጠዋት እናቴን መስዬው በስሟ ጠራኝ። ያን ጊዜ እትዬ ብርቄን አጠገቡ ትቼ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ጓድ ወልዴ የአባቴን ስም ሲሰማ ብድግ አለ።

«ለሥራ ነው የሚሄዱት?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ» አልኩት።

ቆሞ ጻፈልኝ፤ ማኅተሙን ራሱ መታ። አይሰጡም ያልኩት ወረቀት ሻይ ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም። ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ። ረፋዱ ላይ ደረስኩ። እትዬ ብርቄ በራችን ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረውታል።

«አሁን ነው ልጄ፤ አሁን፣ አሁን ነው ያረፉት» አሉኝ።

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ምን እንደማደርገው አላወቅሁም።

ለቅሶው ደግሞ እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም። እድር አልገባሁም ነበር። ሁለት ወር የኖርኩበት አገር ውስጥ ሰው ይሞትብኛል ብዬ አላሰብኩም። ድንኳን የለ፣ አግዳሚ የለ፣ ቀባሪ የለ። እትዬ ብርቄ እዚያው የእድሩ ዳኛ ጋ ሄዱ። ምን እንዳሉ በኋላ የነገረኝ ሁሴን ነው። ሰው በተሰበሰበበት ቆመው፣ «እኚህ ሰው ጠቋሚ አልነበሩም። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ» ብቻ ነው ያሉት። ማንም እንዴት አወቅሽ አላለም። ድንኳኑ ከሰዓት በኋላ ተተከለ።

በማግስቱ ወደ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ልንወስደው ሣጥኑን ስናነሳ ዝናቡ አልለቀቀም። በዚያን ሰሞን ሣጥን የሚሸከም ጉልበት ያለው ወንድ ወይ ግንባር ነው ወይ አልጋ ሥር። ስለዚህ የተሸከምነው እኔ፣ ሁሴን፣ አንድ ጡረተኛ ዘበኛና ጉልበታቸውን የሚያማቸው የእድሩ ዳኛ ነን። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ጭቃው ሳሙና ነው። ገና አሥር እርምጃ ሳንሄድ የግራ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ዞሬ ላወጣው አልችልም፤ አባቴ ትከሻዬ ላይ ነው። በካልሲ ቀጠልኩ። እንደገና ትንሽ እንደሄድን ሁሴን አንሸራተተው። በአንድ ጉልበቱ ወደቀ። ሣጥኑ ዘመም አለ። ሴቶቹ ጮኹ።

የእትዬ ብርቄ በር ወለል ብሎ ተከፈተ።

አንድ ረጅም፣ ፊቱ የነጣ ወጣት በባዶ እግሩ ወጣ። ብርሃኑን አልቻለውም፤ ዓይኑን እያርገበገበ መጣና የወደቀውን ማዕዘን ከሁሴን እጅ ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገው። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆሙ። አልከለከሉትም።

ጓድ ወልዴ ለቀብር መጥቶ ከፊት ፊት እየሄደ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ዞረ። ደምሴን አየው። ረጅም ጊዜ ያየው መሰለኝ፤ ትከሻዬ ላይ ያለው ክብደት ሁሉ ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ፊቱን ወደ ፊት መለሰና መንገዱን ቀጠለ።

ደምሴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸከመው። ፍትሐቱ ሲደረስ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ የእሱ ትንፋሽ ከእኔ ይበልጥ ይሰማ ነበር። አፈሩን ሲመልሱ አካፋ ተቀብሎ አብሮ መለሰ።

ሰው ተሰናብቶ ሲበተን ዞር ብል የለም። የት እንደገባ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እትዬ ብርቄ ብቻቸውን ቀርተው ወደ እኔ መጡ። እግሬን አዩና እጄን ያዙኝ። ዳገቱን አንድ እግር ጫማ፣ አንድ እግር ካልሲ እያነከስኩ፣ እሳቸው ከጎኔ እየቆሙልኝ፣ ቀስ እያልን ወጣነው።